ባሕር በሳሎን
ቀይ ባሕርን በመስታወት የዓሣ ገንዳ ሳሎኑ ሊያስገባ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ወለሉን ያማክር፤ 1,000 ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ቶን ይመዝናል፣ መስታወቱና ድንጋዩ ሳይቆጠር። ከዚያ የቧንቧው ውሃ በማጣሪያ እየተንጠባጠበ ያለው ማዕድን ሁሉ ይወጣለታል። ለምን ቢሉ፣ 35 ኪሎ ገደማ ጨው መልሶ ሊበጠበጥበት!

አሁንማ ዓሣ ይገባል ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ እሱን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ባለቤቱ ለሳምንታት እርጥብ ድንጋይ በሰማያዊ መብራት እያሳየ እንግዳ ያስተናግዳል። እንግዳውም ይሉኝታ ይዞት «ያምራል» ይላል።

በመጨረሻ ጣት የምታህል ብርቱካንማ ዓሣ ትገባለች፤ ቤቷ 25 ዲግሪ ላይ ሞቆ፣ መብራቷ በሰዓቱ እየበራ፣ ውሃዋ በየጊዜው እየተለካ። የመብራት ሂሳቡ ግን የሚመጣው በባለቤቱ ስም ነው።