በርካሽ ጌጫ ደርሶ መልስ

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ዳርቻ የለንም፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ አባወራ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ቤተሰቡን ጭኖ ምጽዋ አይወርድም። ላንጋኖ ቢባል፣ የአንድ ሌሊት አልጋ ስንት እንደሆነ ሲሰማ ራሱን ይይዛል። በእኛው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ዳውሮ ላይ ሃላላ ኬላ፣ ጨበራ ጩርጩራ ላይ ዝሆን ዳና የሚባሉ ሎጆች ተሠርተዋል፤ እነሱም ኪሱ ለጠና ናቸው። አባወራው ያስባል፣ ያወጣል፣ ያወርዳል። በመጨረሻ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ጌጫ አክስት አሉሽ አይደል?» ይላል። አሏት። በጀቱ ጸደቀ።

ሸካ ውስጥ የምትገኘው የጌጫ ነዋሪ ነኝና ይህን የቁጠባ ጥበብ በየዓመቱ አያለሁ፤ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። የፈረንጅ ቤተሰብ ለዕረፍት ሲወጣ ካራቫን የሚባል ባለ ጎማ ቤት መኪናው ላይ ቀጥሎ በባሕር ዳር ሲጎትት ይከርማል። ለሚያቆምበት ቦታ ይከፍላል፣ ውሃውን ይቀዳል፣ ሳህኑን ያጥባል፤ ይህን ሁሉ አድርጎ «በርካሽ ተዝናናሁ» ይላል። ምስኪን! የእኛ ሰው ቤት ምን አስጎተተው? ቤቱ ጌጫ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሳህን የሚያጥብም ውስጡ አለ።

ሀይሩፉ የኪራይ ነው። ኪራዩን ሦስት ቤተሰብ ስለሚካፈለው ወንበሩ አልቆ ጭን ላይ ተደራርበው ይሳፈራሉ። በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን አልፎ ከቴፒ ወደ ጌጫ መውጣት አለ፤ በበደሌና በመቱ ዞሮ በጎሬና በማሻ በኩል መምጣትም አለ። በየትኛውም ቢመጡ ለመንገድ ምግብ ቤት የሚያተርፉት ነገር የለም። ዳቦ ቆሎው ከቤት ነው፣ በሶው ከቤት ነው፣ ልጆቹ ጠመዝማዛው ላይ ሲያስመልሳቸው የሚቀርበው ፌስታል ሳይቀር ከቤት ነው። የአገር ውስጥ ቱሪዝም የሚያነቃቃው እንዲህ ያለ ጎብኚ ነው።

ክልላችን በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለታርጫ አከፋፍሏል። በአራቱም አልጋ ይከራያል። እንግዶቻችን ግን አምስተኛውን መቀመጫ አግኝተዋል፤ የአክስት ሳሎን ይባላል።

አስቀድመው አይደውሉም። «እንዳናስቸግርዎት ብለን ነው» ይላሉ። አንድ ሀይሩፍ ሙሉ ሰው ሳይናገር በር ላይ ሲራገፍ ማስቸገር አይባልም፣ «ሰርፕራይዝ» ነው። አክስት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ኧረ እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ» ይላሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ? በጓሮ በኩል ልጅ ይላካል፣ ብርጭቆና ፍራሽ ከጎረቤት ለመዋስ። ለመስቀል የተቀለበው በግ መስቀልን ሳያይ ያልፋል። ጉድጓድ ውስጥ ሲቦካ የከረመው ቆጮ ይወጣል፤ እንግዶቹ «ኦርጋኒክ እኮ ነው!» እያሉ ይደግማሉ። እንሰቱ ለመፋቅ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደፈጀ የሚጠይቅ የለም፤ ኦርጋኒክ ነገር ራሱ ይበቅላል መሰለኝ።

ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ (ባሕር የለንም እንጂ ውሃስ አልጎደለንም) ወደ ጫካ ይወጣል። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሥፍራው ከ200 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። በር የለውም፣ ትኬት የሚቆርጥ የለም፤ ስለዚህ አባወራው በስልኩ በያዘው ሒሳብ ላይ ከጫካው ትይዩ «ነጻ» ብሎ ይጽፋል።

ሸካ ግን ጫካውን ነጻ ብሎ አያውቅም። በባህሉ ደኑ «ኮቦ» እየተባለ በየቤተሰቡ የተያዘ ነው፤ ልጅ ከአባቱ ይወርሰዋል፤ በሰው ኮቦ ገብቶ ቀፎ መስቀል ያጣላል። የትኛው ዛፍ የማን እንደሆነ እዚህ ያለ እረኛ ሁሉ ይነግርዎታል። እንግዳችን ቅርንጫፍ ላይ የተጋደመውን ሞላላ ቀፎ አንጋጦ እያየ «የዱር ማር!» ብሎ ይጮሃል። ያንን የዱር ማር በሌሊት ገመድ ይዞ ሰማይ ጠቀሱን ግንድ የሚወጣው፣ በአንድ እጁ ጭስ በሌላው ቅርንጫፍ ጨብጦ የሚያወርደው ሰው ከጎኑ ቆሟል፤ ፎቶ እንዲያነሳለት ስልኩን ይሰጠዋል። የጎሳ መሪዎች እንጨት እንዳይቆረጥባቸው የሚጠብቋቸው፣ የጸሎት ሥፍራ የሆኑ ጫካዎችም አሉን፤ እነሱ ውስጥ ስፒከር ከፍቶ ለቲክቶክ መጨፈር ይመቻል፤ ጸጥ ስለሚሉ ድምፅ አይረበሽም። ወደ ቴፒ ወረድ ሲሉ ደግሞ ያልቀላ ቡና ከነዘለላው ዘንጥለው ጸጉራቸው ላይ ይሰካሉ።

ሥራውን ትቶ ይህን ሁሉ የሚያስጎበኛቸው የአክስት ልጅ ነው። አበሉ ፎቶው ላይ ታግ መደረጉ ነው።

የጥበቡ ጥግ መመለሻው ላይ ነው። ከአዲስ አበባ «ለመንገድ ውሃ» ተብሎ የመጣ ባዶ ጀሪካን አለ። አክስት «ባዶ እጃችሁንማ አትሄዱም» ማለታቸው እንደማይቀር ከመነሻው በጀት ተይዞበታል። አባወራው «ኧረ በፍጹም፣ እንዴት ተደርጎ!» ይላል፤ እጁ ግን ክዳኑን እየፈታ ነው። ከሰኔ የቀረው ነጭ ማር ይገለበጣል። ቅቤው በኮባ ይጠቀለላል። ኮረሪማና ጥምዝ በየኪሱ ይገባል። ፍራሽ ያዋሱት ጎረቤት እንኳ «የአክስታችሁ እንግዳ የእኔም እንግዳ ነው» ብለው እንቁላል ይዘው ይመጣሉ፤ እንቁላሉም አይመለስም። ፖርቶ መጋላው ሲጎብጥ ቡናው ይቀራል፤ መንገድ ላይ ኬላ ስላለ እሱ ላይ አይወጣም፤ በተኛ ሕፃን ብርድ ልብስ ሥር ይተኛል። ፈታሽ የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም፤ ይህንንም አስልተውታል።

በምላሹ የመጣው ስጦታ እንዳይረሳ፤ አንድ ካርቶን ብስኩት ነበረ። ግማሹን ልጆቹ ጅማ ሳይደርሱ ጨርሰውታል።

አዲስ አበባ ሲገቡ አባወራው «ነዳጅና ኪራይ ብቻ! ሌላ አምስት ሳንቲም አላወጣሁም» እያለ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ያብራራል። ማሩን ለጎረቤት በኪሎ ሲሸጠው ኪራዩም ይመለሳል፤ ጉዞው አተረፈ ማለት ነው። ጌጫ ላይ ደግሞ አክስት ባለሱቁን በዱቤ ዘይት ይለምናሉ፤ ከባለሱቁ በቀር ማንም አልተቆጣም፤ እንግዳ ክቡር ነው።

ጥር ላይ ያ አስጎብኚ ልጅ ለሕክምና አዲስ አበባ ይላካል። መናኸሪያ ወርዶ ይደውላል። «ውይ ወንድሜ፣ ቤቱን እያሳደስን እኮ ነው! ምናለ አስቀድመህ ብትደውል?» ይሉታል። በባዶውስ አይተዉትም፤ ርካሽ አልጋ የሚገኝባቸውን ሰፈሮች ከነዋጋቸው በቴሌግራም ይልኩለታል።