አይነኬውን ለሚነካ እጅ የተሰጠ ምክር

በጃቫ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው ገና ከጅምሩ የሚሰማው አንድ ቃል አለ፤ ስትሪንግ አንዴ ከተፈጠረ አይለወጥም። ሌላ ጽሑፍ ያሻው ሌላ ስትሪንግ ይፈጥራል። ይህን ቃል ማፍረስ ለሚሻ መንገዱ ከነመዘዙ እነሆ። ሄጄበታለሁና አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ በቂ የሚመስል ምክንያት ያዝ። የእኔ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነበር። አንዱ ሰው ስሙን በንጉሡ ሠ ይጽፋል፣ ፈላጊው በእሳቱ ሰ ይፈልገዋል፤ ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ፣ ዓይኑ ዐ እና አልፋው አም እንዲሁ። ፍለጋው እንዲሠራ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ማምጣት ግድ ይላል። ደግ ሠራተኛ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ትቶ፣ ለፍለጋ ብቻ የምትሆን ሁለተኛ ቅጂ ያወጣል። አንተ ግን «ቅጂ ሜሞሪ ይበላል» በል፤ ሒሳቡን ግን አትሥራ። ከሠራኸው የመቶ ሺህ ሰው ስም ቅጂ ከጥቂት የስልክ ፎቶዎች የማይበልጥ ቦታ እንደሚይዝ ታያለህ፤ ያኔ ምክንያትህ ይፈርስብሃል።

ቀጥለህ ሪፍሌክሽንን ጥራ። ፕሮግራም የራሱን ሆድ ዕቃ እንዲያይ የተሰጠው መሣሪያ ነው። ስትሪንግ ፊደሎቹን የሚያኖርበት ቫልዩ የሚባል ፊልድ አለው፤ ፕራይቬትም ፋይናልም ነው። በስሙ አስጠራው፣ ሴት አክሰሲብል የሚለውን ትሩ አድርግበት፣ በሩ ወለል ይላል። በጃቫ 8 ከበሩ ጀርባ የምታገኘው የፊደላት አሬይ ነው። ፋይናል የሚከለክለው አሬዩን በሌላ አሬይ መተካትን ብቻ ነው፤ በውስጡ የተደረደሩትን ፊደላት አይጠብቅም። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ሠ 1220፣ ሰ 1230 ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰባቱም ቤት በእኩል ርቀት ይከተላሉ። አንዱን በአንዱ ስትተካ ርዝመቱ አይዛነፍም፣ ስህተት ብሎ የሚጮህም የለም። ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃሃል።

አሁን «የሥራ ልምድ» በሚል ጽሑፍ ሞክረው፤ እኔ በዚሁ ሞክሬዋለሁ። በኮድ ውስጥ በትምህርተ ጥቅስ የተጻፈ አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ በየትኛውም ክላስ ይሁን፣ ለጃቫ አንድ ዕቃ ነው፤ ሁሉም ከአንድ ገንዳ ይቀዳል። እኔ የነካሁት የራሴን ክላስ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ግን ዝር ያላልኩበት የማመልከቻ ቅጽ «የስራ ልምድ» የሚል ርዕስ ይዞ ወጣ። ቅጹን የሠራችው ባልደረባዬ ኮዷን ስትከፍት ሥ ታነባለች፣ ስክሪኑ ላይ ስ ታያለች። ደጋግማ ከፈተችው፣ ደጋግማ ዘጋችው። የገዛ ዓይኗን እስክትጠራጠር ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ እዚያች ፊደል ላይ አመሸች። ያን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

የቀድሞውን ጽሑፍ በሌላ ቫሪያብል ይዘህ ከአዲሱ ጋር ለማስተያየት ብታስብ ተስፋ ቁረጥ። ሁለቱም ቫሪያብሎች የሚያመለክቱት አንዱን ዕቃ ስለሆነ የቀድሞው አብሮ ተለውጧል። ከመለወጡ በፊት ሎጉ ላይ ካልጻፍከው ምስክር የለህም።

ጉዳቱ በደንብ እንዲሰርጽ ስሙን የሃሽማፕ ቁልፍ አድርገው። ስትሪንግ ሃሽ ኮዱን አንዴ አስልቶ በውስጡ ይይዛል፤ አይለወጥም ተብሎ ቃል ስለተገባለት ዳግመኛ አያሰላም። ፊደሉን ከለወጥክበት በኋላ በእሳቱ ሰ ብትፈልገው ሃሽ ኮዱ ሌላ ስለሆነ አታገኘውም። በንጉሡ ሠ ብትፈልገው ሃሽ ኮዱ ይገጥማል፣ ፊደሎቹ ሲነጻጸሩ ግን አይገጥሙም፤ አሁንም አታገኘውም። ማፑን ከዳር እስከ ዳር ብትዘረዝረው ስሙ ቁጭ ብሎ ታየዋለህ። መዝገብ ላይ አለ፣ ሲጠራ ግን የለም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው፤ ፕሮግራሙ ሳይወድቅና ቅሬታ ሳያሰማ በእርጋታ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ይላልና።

የጃቫን ዕቃ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ሃይበርኔትም አያድንህም። ዳታቤዝ ላይ የሚጻፍ ለውጥ መኖሩን የሚያውቀው ያሁኑን ዋጋ ቀድሞ ከያዘው ጋር አስተያይቶ ነው፤ ለስትሪንግ ሲሆን የያዘው ያንኑ ዕቃ ነው። ከራሱ ጋር ያስተያየውና ለውጥ የለም ይላል።

ጃቫ 9 በ2017 ሲወጣ የፊደላቱ አሬይ ወደ ባይት አሬይ ተቀየረ፤ የእኛ ፊደል በውስጡ እያንዳንዱ ሁለት ባይት ይዞ ይቀመጣል። የድሮው ኮድ እዚያ ይሰበራል። በ2021 የወጡት ጃቫ 16 እና 17 ደግሞ በሩን ራሱን ዘጉት። በዚያን ጊዜ የተዘጋው ለምን እንደሆነ አትጠይቅ፤ ማስነሻው ትእዛዝ ላይ አድ ኦፕንስ ጨምርና ክፈተው። ኮሜንት አትጻፍበት። ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ለምን እንደተከፈተ ሳያውቅ መዝጋት ይፈራል፤ በሩም እንደተከፈተ ይኖራል።

የፍለጋው ኮድ የነካቸው ስሞች ጠዋት ወደ ሜሞሪ የተጫኑት፣ ለባለጉዳይ የምንሰጠው የምስክር ወረቀትም የሚታተምባቸው ነበሩ። አንዲት ሴት ወረቀቷን ተቀብላ ሄዳ ተመለሰች። መስኮቱ ላይ ዘርግታ ጣቷን በመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አሳረፈች። «አባቴ ያወጣልኝ ስም በንጉሡ ነው» አለች። ዳታቤዙን ከፈትን፤ በንጉሡ ሠ ተጽፏል። ሰርቨሩን አጥፍተን አስነሳነው፤ ትክክል ሆኖ ታተመላት፣ አመስግና ሄደች። ምን እንዳጠፋሁ ያወቅኩት እዚያው ቆሜ ነው፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ከሰዓት በኋላ አንዱ ሠራተኛ ስም ፈለገ፤ ቀጣዩ ወረቀት እንደገና በእሳቱ ሰ ወጣ።