«ክሰሰው» ባዮች

ወዳጅ ለወዳጁ 80 ሺህ ብር ሲያበድር «ፈርምልኝ» ማለት ይከብደዋል። አላመንከኝም ቢለኝስ? ተበዳሪውም ወረቀት ካየ ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ገንዘቡ ማኪያቶ እየተጠጣ በጥሬው ተቆጥሮ ይሰጣል። ከዓመት በኋላ ያው ለፊርማ ያፈረ ሰው፣ ስልኩ አልነሳ ሲለው፣ «ፍርድ ቤት እገትረዋለሁ!» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ያውጃል። እንዲህ ነን፤ እስክሪብቶ ማውጣት ነውር፣ ችሎት መቆም ግን ጀግንነት።

አሟሟቂ አይጠፋም። «ንቆህ እኮ ነው!» ይላል አንዱ። «እስከ ሰበር ድረስ!» ይላል ሌላው። ሰበር ሰሚ ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ፍርድ እንጂ የተናደደን ሰው ሁሉ አቤቱታ እንደማያይ የሚነግረው የለም። የምስክር ዝርዝር ሲዘጋጅ ግን አንደኛው ክፍለ ሀገር ሊሄድ ነው፤ ሁለተኛው «እኔ እንኳ ሲሰጠው በዓይኔ አላየሁም» ይላል። (ይህኛው እውነቱን ነው።)

ጠበቃው የቁጣውን ታሪክ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ውል አላችሁ?» የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472፣ ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር የብዙ ሰው የወራት ደመወዝ ነበር፤ ዛሬ አንድ ምሳ ይጨርሰዋል። በሕጉ ዓይን ካየነው «ሂሳቡን ክፈልልኝ፣ ነገ እሰጥሃለሁ» ያለ ባልንጀራ ሁሉ መፈረም ነበረበት። ወረቀት ለሌለው ሰው የቀረው መንገድ እንግዲህ ስልኩን የማያነሳ ተበዳሪ እጁን አንስቶ እውነቱን እንዲምል ተስፋ ማድረግ ነው።

ወረቀት ያለውም ቢሆን ገና ምን አይቶ! የዳኝነት ክፍያው በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ ተሰልቶ ከወዲሁ ይከፈላል። መጥሪያ ለማድረስ አድራሻ ያስፈልጋል፤ ሰውየው ቤት ለቋል። ተፈልጎ ሲመጣ ደግሞ ወሰድኩ አልወሰድኩም ከማለቱ በፊት መቃወሚያ ይደረድራል፦ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል። ቀጠሮ። ችሎቱ አልተሟላም፤ ሌላ ቀጠሮ። ከሳሹ ግን አንድ ቀን «መንገድ ተዘጋግቶብኝ ነው» ብሎ ቢቀር መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። ድሮ አበዳሪና ተበዳሪ በኩታ ጫፍ ይቆራኙ ነበር፤ ዛሬ የሚያቆራኛቸው የቀጠሮ ወረቀት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የድሮው ሳይሻል አይቀርም፤ ቢያንስ ተበዳሪው የት እንዳለ ይታወቃል።

ተፈረደለት እንበል። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ሽንኩርት በ9 በመቶ ብቻ የጨመረበትን ዓመት የሚያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ። ይግባኙ አልፎ ደግሞ አፈጻጸም የሚባል ሌላ መዝገብ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ የፍርድ ባለዕዳው ቤት በእህቱ ስም፣ መኪናው በአማቱ ስም ሆነው ይገኛሉ። በእጁ የቀሩት አልጋው፣ ድስቱና የሥራ መሣሪያው ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ራሱ አትንኩበት ይላል።

ይሄኔ ሽማግሌ ይመጣል። «ወለዱን ለእኛ ብለህ ተውለት፤ ዋናውን በየወሩ ይስጥህ።» ከሳሹ ደክሞታልና እሺ ይላል። እነዚሁ ሽማግሌዎች መዝገቡ ከመከፈቱ በፊትም እዚያው ሰፈር ነበሩ፤ የጠራቸው አልነበረም እንጂ። ስለ ጠበቃው ክፍያ «ለእኛ ብለህ ተውለት» የሚል ሽማግሌ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።