ሳይጠመድ ያረሰ በሬ አሳየኝ

«የታሰረ ደግሞ ምን ይሠራል?»

ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ነበርኩ፤ ወር በገባ በ12፣ የሚካኤል ዝክር ላይ። ሩዝ የገባበት ጠላ ቀርቧል። ኢንዛይም ስለማሰር የጀመርኩትን ወሬ ከማዶ ሆኖ ሲያዳምጥ የቆየ አንድ ጎልማሳ ነው ዋንጫውን ሳያስቀምጥ የተረበኝ። በሬዎቹ ከደጅ ዛፍ ሥር ቆመው ያመሰኳሉ።

«ሳትጠምደው ያረሰልህ በሬ ካለ አሳየኝ» አልኩት።

ቤቱ ሳቀ። እሱም ሳቀና ዋንጫውን አስቀመጠ። ሊሰማኝ ነው ማለት ነው።

ኢንዛይም በእህልም በከብትም በሰውም፣ በእርሾም በሻጋታም ውስጥ ያለ ሠራተኛ ነው። ሌላውን ይለውጣል፣ ራሱ አይለወጥም፤ አንዱን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው የሥራ ብዛት ሳይሆን የበዛ ሙቀት ወይም የበዛ አሲድ ነው። ችግሩ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ ነው። ሥራው ሲያልቅ ከምርቱ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ለይቶ ማውጣቱ ደግሞ አዲስ ከመግዛት ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካው አንድ ቀን አሠርቶት ይደፋዋል።

«ይድፋዋ! ሌላ ይግዛ!»

«አያ፣ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ማሳህ ላይ የበተንከውን ዩሪያ ጠርጎ ጣና ሲያስገባብህ፣ ‹ይሂድ፣ ሌላ እገዛለሁ› ትላለህ?»

አሁን አልሳቀም። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ምን ይዘው እንደሚሄዱ ለፎገራ ሰው አይነገረውም። ዩሪያው እኮ አልጠፋም፤ ሐይቁ ውስጥ አለ፤ የሱ ግን አይደለም። የተሟሟ ኢንዛይምም እንዲሁ ነው፤ አለ፣ አትጨብጠውም። ማሰር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ማሰር ሲባል ሰንሰለት የለበትም። በ1916 እ.ኤ.አ. ኔልሰንና ግሪፊን የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች ስኳር የሚሰብረውን ኢንቨርቴዝ የተባለ የእርሾ ኢንዛይም ከከሰል ጋር ቢያገናኙት ከሰሉ ላይ ተለጠፈ፤ እንደተለጠፈም ስኳሩን መስበሩን ቀጠለ። ከሰል ነው ያልኩት። የማንም ጓዳ ውስጥ አለ።

ሌላው የጉማራ ዓሣ አጥማጅ ዘዴ ነው፤ ዓሣው መረቡ ውስጥ ይቀራል፣ ውሃው ያልፋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከባሕር አረም የሚወጣ አልጂኔት የሚሉት ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲመታ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። እርሾ ተጨመረበት። ከዚያ በስሪንጅ እየተሳበ ጠብ ጠብ እያለ የካልሲየም ጨው ወዳለበት ብርጭቆ ወረደ። እያንዳንዷ ጠብታ ውሃውን ስትነካ ወዲያው ትረጋለች። ብርጭቆው ሥር የዓሣ እንቁላል የመሰለ፣ በጣት ሲጫኑት ነጠር የሚል ፍሬ ተከመረ። ስኳር ውሃ ፈሰሰበት፤ ቆይቶ ተቀዳለት፤ ፍሬው ታጠበና ለሁለተኛ ዙር ቀረበ። ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጠበቅ ያለው ቁራኛ ነው። አባቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽን ኩታ ለኩታ አቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሰዱ ነበር፤ ሳይፈረድ አይለያዩም። ኬሚስቱም ግሉታራልዲሃይድ በሚሉት ነገር ኢንዛይሙን ከተሸካሚው ጠጠር ጋር ያቆራኘዋል። ውሃ አይፈታውም። ቋጠሮው የሚሠራበትን እጅ ከያዘው ግን ኢንዛይሙ ሥራ ይፈታል፤ ብልሃቱ በጀርባው በኩል ማሰር ነው።

«ለማንኛውም የታሰረ ይደክማል» አሉኝ አንድ አዛውንት።

«እውነትዎን ነው። ከጉልበቱ ያጣል። በሬም ቀንበር ተሸክሞ እንደ ወይፈን አይዘልም። ለእርሻ የሚመርጡት የትኛውን ነው?»

«በሬውን» አሉ፣ ሳያንገራግሩ።

ጃፓኖችም በሬውን መረጡ። በ1969 እ.ኤ.አ. ኢቺሮ ቺባታና ባልደረቦቹ ታናቤ ሴያኩ በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ አሚኖአሲሌዝ የተባለውን ኢንዛይም አስረው አሚኖ አሲድ ማምረት ጀመሩ። የታሰረ ኢንዛይም ፋብሪካ ገብቶ ሲሠራ ያ የመጀመሪያው ነው። ወጪያቸው ኢንዛይሙን ፈትተው ሲያሠሩ ከነበረበት ወደ 60 በመቶ ገደማ ወረደ።

ጠላውን የጠመቁት እናት እስካሁን ዝም ብለው ይቀዱ ነበር። ማንቆርቆሪያውን ይዘው አጠገቤ ቆሙ። «ልጄ፣ ይኸ የምትለው ነገር ከኔ ብቅል በምን ይለያል?»

በምንም። ገብሱ ሲጎነቁል አሚሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም ያበጃል፤ እሱ የሩዙን ስታርች ወደ ስኳር ይሰባብራል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል። ብቅል ተቀቅሎ ቢገባ ጠላው ጠላ አይሆንም፤ ሠራተኛው በሙቀት ሞቷልና። ይህን ስነግራቸው የሚያውቁትን ነገር እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያስ ብቅሌን እሰርልኝና በየዝክሩ አልፍጭ!»

እዚህ ላይ ሳቅ ለማግኘት ብሎ እሺ ማለት ቀላል ነበር። ግን እውነት አይደለም። «የእርስዎን ብቅል አላስርም» አልኳቸው። ስታርች ግዙፍ ነው፤ ኢንዛይሙ የተቀመጠባት የጠጠር ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። ብቅሉም ርካሽ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ አተላ ሲሆን ላሟ ትበላዋለች። ከበቆሎ ስታርች ስኳር የሚያወጡት የውጭ ፋብሪካዎችም አሚሌዙን ፈትተው ነው የሚለቁት። የሚያስሩት ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ግሉኮስን ወደሚጣፍጠው ፍሩክቶስ የሚለውጠውን ግሉኮስ አይሶሜሬዝ ነው። እሱ ውድ ነው። በረጅም በርሜል ውስጥ ጠጠር ላይ ታስሮ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ሽሮፕ ከላይ እየፈሰሰበት ወራት ይከርማል፤ አንድ ኪሎው ከ10 ቶን በላይ ስኳር ያስተናግዳል። ሁሉን አስሩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

«እማማ፣ እኔም አንድ ልጠይቅዎ። የእርጎ ቅልዎን በሳሙና ፈትገው ያጥባሉ?»

«ምን ነካህ! እርጎው በምን ይረጋል?»

እኔ ልናገር የመጣሁትን እሳቸው ተናገሩት። ቅሉ በወይራ ይታጠናል፣ ውሃ ያይ ይሆናል፣ ግን ተፈትጎ አይራቆትም። ጭሱን ችለው በቅሉ ውስጠኛ ቀዳዳዎች የሚቀሩት ባክቴሪያዎች የነገውን ወተት ይቀበሉታል፤ በሆዳቸው የያዙት ኢንዛይም ደግሞ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር መስበር ይጀምራል። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎ የሚቀለው አንድም በዚህ ነው። ጣሊያኖች በ1970ዎቹ ላክቴዝ የተባለውን ኢንዛይም በክር ውስጥ አስረው ሚላኖ ላይ ወተት ያሳልፉበት ነበር። የፎገራ ላም ያላቸው እናት ቅል ነበራቸው። አንዱ ክር፣ አንዱ ቅል፤ ሁለቱም ሠራተኛውን አስቀርተው ወተቱን ያሳልፋሉ።

«እሺ፣ የቅሉ ይሁን» አለ ስልኩን ሲነካካ የነበረ ወጣት። «የፋብሪካው ግን የፈረንጅ ነው። እኛ ዘንድ የለም።»

«ወረታ ከተማ ፋርማሲ ገብተህ ታውቃለህ? ለስኳር ሕመምተኛ ደም የሚነካባት ቀጭን ወረቀት ምን መሰለችህ?»

የስኳር መለኪያዋ ጫፍ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ወይም የዚሁ ዘመድ የሆነ ኢንዛይም ደርቆ ተጣብቋል። ሐሳቡ የመጣው በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ ኢንዛይምን ከኤሌክትሪክ መለኪያ ጋር ካጋባ ወዲህ ነው። ደሙ ሲነካት ኢንዛይሙ ስኳሩን ያየዋል፣ መሣሪያው ቁጥሩን ያወጣል። ስለዚህ የቤተሰባችሁ ስኳር የሚለካ ካለ የጠርሙሷን ክዳን ወዲያው ግጠሙ፤ እርጥበት ከገባ ሠራተኛው ይበላሻል፣ የተበላሸ ሠራተኛ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ልጅ ሲያመው የሚገዛው አሞክሳሲሊንም አለ። ሻጋታው የሚያወጣው ፔኒሲሊን ጭራው ተቆርጦ እምብርቱ ሲቀር ነው አሞክሳሲሊን የሚሠራበት። ድሮ ጭራውን ለመቁረጥ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ማቀዝቀዝና ኃይለኛ መርዝ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የታሰረ ፔኒሲሊን አሲሌዝ በውሃ ውስጥ፣ በሰው ገላ ሙቀት አካባቢ ይቆርጠዋል።

ወጣቱ አልተረታም። «ሁሉም ከውጭ የመጣ ነው። የኛ ሰው የት አለ?»

ጥያቄው ደስ አለኝ፤ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት አማረ ገሠሠ ከስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች፣ ዓሣ እንኳ ከሚቸገርበት ውሃ፣ ባክቴሪያ እያወጡ ኢንዛይማቸውን አጥንተዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ፕሮቲን የሚሰብር ኢንዛይም የሚያወጣውን ባክቴሪያ የቀለቡት በኑግ ፋጉሎ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር የዶሮ ላባ ቀለቡት።

«ፋጉሎ?» አሉ እናቲቱ። «ላሜ የምትበላውን?»

«ያንኑ።»

ሠራተኛው ከኛው ሐይቅ፣ ቀለቡ ከኛው ዘይት መጭመቂያ ተገኘ ማለት ነው። የቀረው ማሰሪያው ነው። እሱን ፍለጋ በማግሥቱ ወረታ ሄድኩ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሁሉ በመኪና መስኮት የሚያየው ነገር ነው።

የሩዝ መፈልፈያው ደጃፍ ላይ የገለፈቱ ክምር ከጣሪያው እኩል ቆሟል። ነፋስ ሲመጣ ዓይን ያስጨፍናል። ባለ ማሽኑ አቧራ ነጭ አድርጎታል።

«ይኸንን ቆሻሻ ልትወስድልኝ ነው?» አለኝ።

«ቆሻሻ ከሆነ የማሽንህን ወንፊት ማን በላው?»

ዞሮ የተጣለውን አሮጌ ወንፊት አነሳና በብርሃን አየው። ብረቱ ሳስቶ፣ ቀዳዳው ተልጦ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ሆኗል። ይህን ያደረገው ገለፈቱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ነው፤ የአሸዋና የመስታወት ዘመድ። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ገደማ ገለፈት ይወጣል፤ እሱ ሲቃጠል 4 ኪሎ ገደማ አመድ ይቀራል፤ ከአመዱ 90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲሊካ ነው። ሩዙን ነጭ ወርቅ የሚሉት ሰዎች ገለፈቱን መንገድ ዳር ያነዱታል።

ሲነድም ደንብ አለው። ተዳፍኖ የነደደ ጥቁር ነው፤ ከሰል ይዟል። አየር እያገኘ ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ባለው ሙቀት የነደደ ነጭ፣ ቀላል፣ በጣት ሲያሹት የሚልም ነው፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል፣ ኢንዛይም የሚቀመጠውም እዚያ ነው። እሳቱ ከዚያ በጣም ካለፈ ሲሊካው ይጠጥራል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ አቧራውም ለሳንባ ጠንቅ ይሆናል። ስለዚህ ማንም ተነስቶ በጓሮው አይሞክረው፤ ምድጃና መለኪያ ይፈልጋል። ውጭ አገር ሊፓዝ የተባለው ቅባት የሚሰብር ኢንዛይም ሲሊካ ጠጠር ላይ ታስሮ ለማርጋሪን የሚሆን ቅባት ያዘጋጃል።

ሊፓዝን ደግሞ ወረታ ሳትጠራው ታውቀዋለች። ሩዝ ሲፈለፈል ከፉርሽካው የሚወጣው እሱ ነው። ፉርሽካው ዘይት አለው፤ ማሽኑ ሲያደቀው ሊፓዙና ዘይቱ ይገናኛሉ፣ በሰዓታት ውስጥ ዘይቱ መበላሸት ይጀምራል፤ ከሰነበተ ይሸታል። ወዲያው በእንፋሎት ቢሞቅ ሊፓዙ ይሞትና ዘይቱ ይተርፋል። የታሰረው ሊፓዝ ፋብሪካ ሲያገለግል የተፈታው እዚህ የገበሬውን ዘይት ይበላል።

ባለ ማሽኑ ወንፊቱን እንደያዘ ነው። «ለዚያ ለምትለው ሙከራ ስንት ጆንያ ትፈልጋለህ?»

«አንድ ይበቃኛል። ፉርሽካ ያልገባበት ንጹሕ ገለፈት ይሁን እንጂ።»

ወደ ክምሩ ሄዶ በሁለት እጁ ዘገነና ዘረጋልኝ። ወርቃማው ገለፈትና ቡናማው ፉርሽካ ተቀላቅሎ መዳፉ ላይ ቅባት ነክቶታል።

«ይኸ ማሽን እኮ አይለይም፤ ሁለቱን ባንድ አፍ ነው የሚተፋው።»

«እንግዲያው ከማሽኑ እንጀምር» አልኩት።