የማማ ልጅ የወፍ ዘብ ሲሆን

ስለ ወፍ ጥበቃ ከእኔ በላይ የሚያወራ ሰው በዋጉ ዝቋላ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ወሬው ግን አንድም ጫጩት አላሳደገም።

ያደግሁት በተከዜ በኩል ባለው ቆላ፣ ማሽላ መካከል በተተከለ ማማ ላይ ነው። ግሪሳ ከወረደ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀን ባዶ አገዳ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ማማ ላይ ወጥቶ መጮህ፣ ጅራፍ ማጮህ፣ ወንጭፍ መወርወር የልጅ ፈንታ ነው። እኔን እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። ስነቃም የወረወርኩት ድንጋይ ወፏን ስቶ የጎረቤት እንስራ ያገኛል። በወፍ ላይ የሠራሁት ግፍ ትንሽ ከሆነ ከስንፍና እንጂ ከርኅራኄ አይደለም።

ኋላ ስለ በርጋ ሰማሁ። በምዕራብ ሸዋ ያለ ረግረግ ነው። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የምትባል፣ ርዝመቷ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ወፍ በክረምት እዚያ ሣር ውስጥ እንደምትራባ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ነው፤ በ2013 ደግሞ በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመደበች። በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እያገዛቸው የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጁ፤ በምትራባበት ወቅት ከብታቸውን ከሣሩ ማራቅ ጀመሩ። ክረምት ላይ ሣር መተው ለከብት ባለቤት ምን ማለት እንደሆነ የዋግ ሰው ያውቀዋል።

ይህን ሰቆጣ ሻይ ቤት ውስጥ ስተርክ ከብቱን ያገድኩት እኔ እመስላለሁ። በመጨረሻ አንዱ «አንተስ ምን ጠበቅህ?» አለኝ። ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።

በዚያው ክረምት ወደ ዘመዶቼ ስወርድ የእህቴ ልጅ የጅግራ ጎጆ አሳየኝ። ማሳው ዳር፣ ቁጥቋጦ ሥር የተጫረች ጉድጓድ ናት፤ ውስጧ ደረቅ ሣርና አንድ ጫፋቸው ሾል ያለ፣ ወፍራም ቅርፊት ያላቸው እንቁላሎች። ዘብነቴን እዚያው አወጅሁ። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ማታ እሄዳለሁ፤ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሼ፣ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ስልኬን ደግኜ። ጅግራዋ በመጣሁ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ለመደችኝ ብዬ ደስ ይለኛል።

ልጁ ሁለት ቀን ታገሠኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሲመጡ እኮ ነው የምትነሳው» አለኝ። ገና ሕፃን ነህ፣ ጥናት አይገባህም አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ጎጆው ላይ ቅርፊት ብቻ ቀረ። ዝንጀሮን ከሰስኩ፤ ቀጥሎ የጎረቤትን ውሻ። ከመንገዱ እስከ ጎጆው ድረስ በእኔ ቦቲ የተረገጠው ሣር ግን ለማንም አውሬ ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ነበር። ወፍ ለመጠበቅ ከሩቅ ተቀምጦ መቼ እንደተነሳች መቼ እንደተመለሰች ማየት፣ ልጆችንና ውሾችን ማራቅ፣ ከዚያ ውጭ አለመድረስ ይበቃል። ልጁ ማሳ ሲጠብቅ ያንን ሁሉ ሲያደርግ ኖሯል፤ ያላራቀው እኔን ብቻ ነው፤ እኔንም በአክብሮት።

ያነሳሁትን ፎቶ ግን አላጠፋሁትም። ፌስቡክ ላይ «የአእዋፍ ተንከባካቢ» ከሚለው ስሜ ሥር አለ፤ ብዙ ሰው አድንቆታል። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ሌላ ጎጆ እንዳገኘ ከእናቱ ሰምቼ ደወልኩለት። «የት ነው?» ስለው ኔትወርኩ ተቆራረጠ አለኝ።