ዓርብን እንኳ ለፊልም

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ፊልም ማየት ያሰኘው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዛሬ ኳስ አለ እንዴ?» ብሎ ነው። ኳስ ካለ ፊልም የለም። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ነው፤ ማክሰኞና ረቡዕ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ ሐሙስ ዩሮፓ ሊግ፤ ሰኞም ቢሆን አንድ ጨዋታ አይጠፋም። ቪዲዮ ቤቱም፣ ስክሪኑም፣ አግዳሚውም የኳስ ነው። ለፊልም የሚደርሰው የተረፈው ሰዓት ብቻ ነው።

ኳስ ጠልቼ አይደለም እንዲህ የምለው። በ2010 ዓ.ም. የኳስ ክለባችን ወላይታ ዲቻ ግብፅ ድረስ ሄዶ ዛማሌክን በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼአለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፊልሙ ልብ ሰቅሎን፣ በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ ልናይ ስንል ባለቤቱ ገባ ይልና «ጨዋታ ሊጀመር ነው፣ ይቅርታ» ይላል። በቃ፣ ያን ቀን ፊልሙ እዚያው ላይ አለቀ። ገንዘብ አይመለስ፣ በማግስቱ ካቆመበት አይቀጥል። ስንት ፊልም ነው መጨረሻውን ሳናውቀው የቀረው!

ቤቱን ላላየ ሰው ልንገር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል፣ ፊልሙ ከፍላሽ በላፕቶፕ ይከፈታል። ላፕቶፑን የከፈተው ልጅ የማውሱን ቀስት ስክሪኑ ላይ ይረሳዋል፤ ተዋናይዋ ልጇን ቀብራ ስታለቅስ ቀስቱ ጉንጯ ላይ ተተክሎ ይቆያል። ጥቂት ቆይቶ ባትሪ ሊያልቅ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ግንባሯ ላይ ይመጣል። ልጁን ብንጣራ አይሰማም፣ በር ላይ ቆሞ ገንዘብ እየተቀበለ ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ የቆርቆሮው ጩኸት ንግግሩን ሁሉ ይውጠዋል፤ ዳሞታ ተራራ ሥር ተቀምጦ ዝናብ አይመጣም ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፤ የተቀመጠው ከግድግዳው ጀርባ ነውና ከዚያ በኋላ የምናየው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ተመልካቹም ራሱ አያሳርፍም። ከፊት ያለው ስልኩን ያነሳና «ሄሎ! አይ፣ ፊልም ላይ ነኝ፣ አውራኝ ችግር የለም» ይላል። ከኋላ ያለው ፊልሙን ከዚህ በፊት አይቶታልና «አሁን ይሞታል፣ ቆይ እየው» እያለ ለጓደኛው ይተርካል። አንዱ ገና ሲገባ የስልኩን መብራት አብርቶ ፊት ለፊት እያየ ቦታ ይፈልጋል። ዝም በሉ ያለ ሰው ጠበኛ ይባላል፤ እንዲያ ላለመባል ብዙዎቻችን ዝም ብለን ተቀምጠናል።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። 12 ሰዓት ይጀምራል ተብሎ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይጀምራል። ከቦዲቲ ወይም ከአረካ የመጣ ሰው መኪና ሳያመልጠው ልመለስ ካለ ግማሹን ትቶ መነሳት አለበት። የከተማው ሰውም ቢሆን ሲመሽ ባጃጅ በተጠየቀው ዋጋ ነው የሚሄደው።

ሴቶችስ? እናቶቻችንና እህቶቻችን እነዚህ ቤቶች ውስጥ የሉም። ቪዲዮ ቤት የጫትና የሲጋራ ቦታ ሆኖ ስለኖረ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንዳንገባ ሲመክሩን ነው ያደግነው፤ በዚህስ አልፈርድባቸውም። ፊልም የወጣት ወንዶች ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሆኖ የቀረው ግን በዚሁ ምክንያት ነው፣ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የአገራችንን ነባር ፊልሞች አለማየታችን ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ ስሙን የማያውቅ የለም፣ ያየው ግን የት አለ? የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ወሰደ፣ በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት አገኘ። «ድፍረት» በዚሁ አቆጣጠር በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ደረሰ። የጣሊያንና የፈረንሳይ ተመልካች በትልቅ ስክሪን አይቷቸዋል። የሶዶ ሰው ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት፣ ያውም አሊያንስ ወይም ጎተ ኢንስቲትዩት የሚያሳዩበት ቀን መግጠም አለበት።

«ስልክህ ላይ እየው» ይሉኛል። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሶስት ሺህ ዓመት» ስልክ ላይ ያየ ሰው ምኑን አየው? ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ የተቀረጸው ዘውዱ በወደቀበት ጊዜ ገደማ ነው። ባለርስቱ ከፍታ ላይ ወንበር አስቀምጦ ይቆጣል፣ ገበሬዎቹ ከታች ያርሳሉ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ነው ፊልሙ የሚያሳየን፤ መዳፍ በምታክል ስክሪን ላይ ገበሬዎቹ ጉንዳን ያክላሉ፣ ርቀቱም ይጠፋል። ጭሰኛ የነበረ አያት ያለው የወላይታ ልጅ ይህን ከአያቱ ጎን ተቀምጦ፣ ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ማየት ይገባዋል።

አዳራሽ ጠፍቶ ነው እንዳይባል አዳራሽ ሞልቷል። ከተማችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የክልል መቀመጫ ናት፤ ጉታራ አዳራሽ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የየመሥሪያ ቤቱ መሰብሰቢያ አለ። ፕሮጀክተሮቹ ቀን ቀን ሪፖርት ያሳያሉ፣ ማታ ተቆልፎባቸው ያድራሉ። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ሲያጣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳይቷል። እዚህም አዳራሽ የሚከፍትና ባለመብቱን በወጉ አስፈቅዶ ፊልሙን የሚያመጣ ሰው ቢገኝ ይቻላል።

እናንት የፊልም ቤት ባለቤቶች፣ እናንት የባህልና የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች፣ ሌላውን ቀን ኳስ ይውሰደው። ዓርብ ማታ ብዙውን ጊዜ ጨዋታ የለም። ዓርብን ስጡን፤ በተባለው ሰዓት የሚጀምር፣ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው የሚሄድ፣ እናቶቻችንም ሳይሳቀቁ የሚገቡበት አንድ ፊልም። ትኬታችንን ከፍለን እንገባለን።