ስለ ዜጋ ሳይንቲስትነት ማዕረግ አሰጣጥ የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ፣ ከመንደሩ ሰፊ ጎዳና ከጀፎረው ዳር እስከ ዘቢዳር ተራራ ግርጌ ያለህ ሕዝብ ሆይ!

ወፍና ቅጠል፣ ዝናብና በሽታ እየመዘገበ ሳይንስን የሚያግዝ ተራ ሰው “ዜጋ ሳይንቲስት” መባሉ በዓለም የታወቀ በመሆኑ፤ አሜሪካውያን ከ1900 ጀምሮ (አቆጣጠሩ የእነሱ ነው) በየገናው ወፍ ሲቆጥሩ የኖሩ በመሆኑ፤ እዚያም ቆጣሪው በአመዛኙ ነጭ፣ የተማረና ኪሱ የማይጎድል መሆኑ በጥናት የተረጋገጠ በመሆኑ፤ በ2020 እ.ኤ.አ.ም ወፍ ተመልካቹ ጥቁር አሜሪካዊ ክርስቲያን ኩፐር በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ “ውሻሽን እሰሪ” ስላለ ፖሊስ የተጠራበት በመሆኑ፤ እኛም ከዓለም ወደ ኋላ እንዳንቀር የራሳችንን አበላላጭ ሥርዓት በሕግ ማጽናት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ እኛ ቻርጅም ዳታም ያላጣን ወገኖች የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

“ዜጋ ሳይንቲስት” ማለት ስማርት ስልክ፣ እንግሊዝኛና ትርፍ ቅዳሜ ያለው ሰው ነው። “መረጃ ሰጪ” ማለት ዜጋ ሳይንቲስቱ ሊጽፈው የመጣውን ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። በዚህ አዋጅ በወንድ ጾታ የተገለጸው የሴትንም ይጨምራል፤ ማዕረግ ሲሰጥ ግን አይጨምርም።

አንቀጽ 2፦ ስለ እንሰት

ጓሮዋ ቆማ አስታራ የተባለውን የእንሰት ዓይነት ጓርየ ከተባለው በቅጠሉ ጅማት ቀለም የምትለይ፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው አሚቾው ተቀቅሎ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው እንደሚሰጥ የምታውቅ እናት መረጃ ሰጪ ናት። አጠውልግ በሽታ ሲገባ ቀድማ የምታየው እሷ ናት፤ መሃል ቅጠሉ ይዝላል፣ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ እሷም የተቆረጠበትን ቢላዋ ጎረቤት እንዳይወስደው ትደብቃለች። ሆኖም ተሕዋሲው በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸው በ1968 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በየጓሮው የታየው ሁሉ እንዳልታየ ይቆጠራል። ዛሬም ፎቶ አንስታ ያልላከች አላየችም። ስልኳ ባለ ቁልፍ ከሆነ ልጇ ለመስቀል ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ትጠብቅ። በሽታውም እንዲጠብቅ ታዟል።

አንቀጽ 3፦ ስለ እንጨት ሠሪው

የጎጆውን ምሰሶ የሚያቆመው እንጨት ሠሪ የትኛው ዛፍ እንደማይነቅዝ፣ የትኛው ከየትኛው ጫካ እንደጠፋ ያውቃል። በዘሩ ምክንያት መሬት ሲከለከልና ከማዕድ ሲለይ የኖረ ስለሆነ ግን መረጃ ሰጪነት እንኳ አይገባውም፤ የሚጠየቀው ጎረቤቱ ነው። (ይህን አንቀጽ ለማርቀቅ አልደከምንም፤ አያቶቻችን ጨርሰውት ነበር።)

አንቀጽ 4፦ ስለ ቡታጅራ

ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ በቡታጅራና አካባቢዋ 9 የገጠርና 1 የከተማ ቀበሌ ልደትና ሞት፣ ጋብቻና ፍልሰት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። መልካም ሥራ ነው፤ ብዙ ሐኪም ተመራምሮበታል። መዝጋቢው በር ላይ ቆሞ “ከባለፈው ወዲህ የተወለደ አለ? የሞተስ?” ይላል፤ እማወራዋም ሐዘኗን በቁጥር ትነግረዋለች። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ የመለሱት ጥያቄ ምን እንዳስገኘ ማወቅ የሚፈልግ ቤተሰብ እንግሊዝኛ ተምሮ መጽሔቱን ማንበብ መብቱ ነው።

አንቀጽ 5፦ የተከለከለ ድርጊት

በዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ የሚኖሩ ገበሬዎች ዝናቡን፣ ወንዙንና የጉድጓዱን ውሃ እየለኩ መዘገቡ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም መረጃቸው ከመደበኛው ጣቢያ እንደማያንስ መሰከረላቸው። እንዲህ ያለ ድፍረት እዚህ እንዳይደገም! በተለይ የወልቂጤ እናቶች ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደደረቀ በደብተር ከመጻፍ ይታቀቡ። ጄሪካን መደርደር ይፈቀዳል። ቁጥር ከተያዘ ግን መልስ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ሳይታወጅ ሲሠራበት ስለኖረ ቀን መወሰን አላስፈለገም። ይሻርልን የሚል ካለ ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ፎቶ አያይዞ፣ በመተግበሪያ ይላክልን።